የስደተኛው ጣውላ ነጋዴ ውሎ፦ ከልጄ ጋር ናቼዝን ስናጠና

የልጄ የታሪክ አስተማሪ የሰጠቻት የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ "ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የኖረ አንድ ስደተኛ ምረጡና የዕለት ውሎውን ጻፉ።" ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። እኔ ፍላትቤድ የሚባለውን ክፍት የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ከሚሲሲፒና ከአላባማ መሰንጠቂያዎች ጣውላ ጭኜ ወደ አትላንታ አመጣለሁ። "አባዬ፣ የጣውላ ነጋዴ ይሁንልኝ፤ አንተ ታውቀዋለህ" አለችኝ። እኔ የማውቀው ጭነቱን ሸራ (ታርፕ) ማልበስና ማሰሪያውን (ስትራፑን) ማጥበቅ ነው። ቢሆንም ገባንበት።

ይህን የምጽፈው እዚህ አገር ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ አንድ ቀን ቤታችሁ መምጣቱ አይቀርም። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የጥጥ እርሻና ትልልቅ ነጫጭ ቤቶች ብቻ ናቸው የሚወጡላችሁ። ነጋዴውን፣ መጋዘኑንና ወንዙን ለማግኘት ቆፈር ቆፈር ማድረግ ይጠይቃል። እኛ በየት በኩል እንደቆፈርን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ስትመርጡ ወረቀት የተረፈለትን ምረጡ። ሀብታም ወይም ዝነኛ መሆኑ አይጠቅማችሁም። ሒሳብ የጻፈ፣ ደብዳቤ የላከ፣ ደረሰኝ ያስቀረ ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። እኛ ያገኘነው አንድሩ ብራውን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። የሕንጻ ሙያ ይዞ መጥቶ ሚሲሲፒ ውስጥ ናቼዝ ከተማ ገባ። መጀመሪያ ቤት ሲሠራ ቆየ። ከዚያ በ1820ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከገደሉ ሥር ወንዙ ዳር የነበረውን በእንፋሎት የሚሠራ የግንድ መሰንጠቂያ ያዘ። እስከ ጦርነቱ ድረስ የኖረው በጣውላ ንግድ ነው። የድርጅቱ ደብዳቤዎችና የሒሳብ መዝገቦች በብዛት ስለተረፉ የታሪክ ምሁራን በደንብ አጥንተውታል።

ገና ከጅምሩ ወደድነው፣ አልዋሽም። ሙያውን ይዞ ባሕር የተሻገረ፣ ለሰው ሠርቶ የራሱን የከፈተ ሰው ነው። የኛን ሰዎች የሚመስል ነገር አለው። ልጄ የመጀመሪያውን ገጽ በአንድ ማታ ጻፈችው። ሁለተኛው ገጽ ግን ሳምንታት ወሰደብን፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አመጣዋለሁ።

ናቼዝ ሁለት ከተማ ነበረች። አንዷ 60 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ገደል አናት ላይ ናት። ባንኩ፣ ቤተክርስቲያኑ፣ የባለ እርሻዎቹ ቤት እዚያ ነው። ሌላዋ ከሥር፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ጠርዝ ላይ ናት። ጀልባው፣ መጠጥ ቤቱ፣ ቁማሩና የብራውን መሰንጠቂያ ታች ነበሩ። አሁን ብትሄዱ የታችኛዋን ከተማ አብዛኛውን ክፍል ወንዙ በልቶታል። ሲልቨር ስትሪት የሚባለው ቁልቁለት ግን አሁንም አለ። በእግር ውረዱት። ስትመለሱ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል።

የነጋዴው ቀን የሚጀምረው ውሃውን በማየት ነው። ወንዙ ስንት ጨመረ፣ ስንት ቀነሰ? እኔ ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ ዲስፓቸሩ፣ ሥራ የሚመድብልኝ ሰው፣ ምን ጭነት እንዳለው እንደማየው ማለት ነው። ንግዱ በሙሉ የቆመው የሚሲሲፒ ሙላት ላይ ነበር። ለምን ብትሉ፣ ብራውን የሚሰነጥቀው ሳይፕረስ ነው። ሳይፕረስ ስላችሁ አገር ቤት ግቢ የሚተከለውን የፈረንጅ ጥድ እንዳታስቡ። ይኼኛው ረግረግ ውስጥ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚያድግ ግዙፍ ዛፍ ነው። በብርዱ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል። እንጨቱ እርጥበትን ችሎ ይኖራል፣ ቶሎ አይበሰብስም። ጣሪያ ክዳን፣ አጥር፣ የውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል ይወጣዋል።

ችግሩ፣ ሳይፕረስ እርጥቡን ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ይሰምጣል። ስለዚህ እንጨት ቆራጮቹ ዛፉን በቁሙ ያደርቁታል። በመጥረቢያ ግንዱን ዙሪያውን ልጠው፣ እንደ ቀለበት ጠርበው ይተዉታል። ውሃ መሳብ ያቆምና ቀስ እያለ ቆሞ ይደርቃል፣ ይቀላል። ከዚያ ይጣላል። የፀደይ ሙላት መጥቶ ረግረጉን ሲያጥለቀልቀው ግንዱ ራሱ ይንሳፈፋል። ግንዶቹን ጎን ለጎን አሰልፈው፣ በአግዳሚ እንጨት ጠፍረው አንድ ትልቅ ተንሳፋፊ ያደርጓቸዋል። ያዙ (Yazoo) ከሚባለው ወንዝ አካባቢ ረግረግ ተነስተው፣ ወደ ሚሲሲፒ ወጥተው፣ ከውሃው ፍሰት ጋር ወደ ናቼዝ ይወርዳሉ።

ሙላት በዘገየበት ዓመት ይህ ሁሉ እንጨት ጫካ ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። መሰንጠቂያው ሥራ ይፈታል። ዕዳው ግን ሥራ አይፈታም። ሙላቱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ገመዱ ይበጠስና የዓመት ልፋት ወደ ባሕር ይነጉዳል። የሰመጡት ግንዶች ከመቶ ዓመት በኋላ ከወንዝ ሥር እየወጡ ዛሬ በውድ ይሸጣሉ። አንዴ እኔም ከዚያ የተሰነጠቀ ጣውላ ጭኜ አውቃለሁ። ቀለሙ የወይራ ዓይነት ጥቁር አረንጓዴ ነበር።

ግንዱ ሲደርስ ክርክር አለ። ይህ ግንድ የማን ነው? ከማን መሬት ተቆረጠ? ብዙው ረግረግ የመንግሥት መሬት ነበር፣ ጠባቂ ግን አልነበረውም። በ1850 ኮንግረስ በሕግ ረግረጉን ለየግዛቶቹ ሰጠ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ግን ሰው ያገኘውን ይቆርጥ ነበር። ነጋዴው ገዝቶ ከሰነጠቀው በኋላ "የኔ ዛፍ ነው" የሚል ሰው ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ወንዝ ዳር ወርዶ ግንድ መቁጠር፣ መለካት፣ ከሻጩ ጋር መጨቃጨቅ የቀኑ ትልቁ ሥራ ነው። ልጄ እዚህ ጋ ስትደርስ "አንተና ብሮከሩ፣ ጭነት የሚያገናኝህ ደላላ፣ በስልክ እንደምትጨቃጨቁት" አለችኝ። ያው ነው።

ስለ መሰንጠቂያው ብዙ አልልም፤ አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ልንገራችሁ። የድሮ ቤት ስትጎበኙ የወለሉን ሳንቃ ወይም ያልተላገ ወራጅ ከሥር በኩል እዩት። የመጋዙ ምልክት ቀጥ ቀጥ ያለ፣ እርስ በርሱ ትይዩ ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለስ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው። ምልክቱ እንደ ቅስት ከጎበጠ ክብ መጋዝ ነው። ክብ መጋዝ በብዛት የተስፋፋው ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ናቼዝ ውስጥ አንድ ቤት ምድር ቤት ገብተን በስልክ መብራት አየነው፤ ቀጥ ቀጥ ያለ ነበር። ልጄ ፎቶ አንስታ ሥራዋ ላይ ለጠፈችው። አስተማሪዋ ከሁሉም የወደደችው እሱን ነው።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ነው። ደብዳቤ በእንፋሎት መርከብ ይመጣል፣ በመርከብ ይሄዳል። አንዱ ባለ እርሻ ለጥጥ መዳመጫ ቤት ጣውላ ይፈልጋል። ሌላው ለባሪያዎቹ ጎጆ፣ ሌላው ለአጥር። ታች ኒው ኦርሊንስ ያለው ገበያ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብራውን እዚያም የጣውላ ማከማቻ ከፍቶ ነበር። ሁሉም ያዛል፣ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ግን የለም። ባለ እርሻው የሚከፍለው ጥጡ ወይም ስኳሩ ሲሸጥ ነው። እስከዚያ የዕዳ ወረቀት ይፈርማል። ነጋዴው ያንን ወረቀት ይዞ ከሌላው ይበደራል። በ1837 የጥጥ ዋጋ ሲወድቅና ባንኮች ሲዘጉ ናቼዝ ክፉኛ የተመታችው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሲወድቅ ያበደረውንም ሰው ይዞ ይወድቃል። ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ስትሠሩ "ሀብታም ነበር ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "የማን ዕዳ ነበረበት፣ ማንስ የእሱ ዕዳ ነበረበት?" በሉ። ነጋዴን የሚያሳየው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ ልምጣ።

ጣውላው ከናቼዝ ወደ ኒው ኦርሊንስ የሚወርደው በጠፍጣፋ ጀልባ ነው። ሞተር የለውም፤ የውሃው ፍሰት ይወስደዋል፣ ሰዎች በረጃጅም መቅዘፊያ ይመሩታል። መንገድ ላይ በየእርሻው ቆም እያሉ ይሸጣሉ። ይህን የሚመራው ሰው ዋጋ መደራደር፣ ጣውላ መለካት፣ ዱቤ መስጠት፣ የቆየ ዕዳ መሰብሰብ፣ ሠራተኛ መቅጠርና መክፈል፣ ሒሳቡን ጽፎ ወደ ዋናው ቢሮ መላክ አለበት። ብራውን ናቼዝ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሊያይ አይችልም። እንግዲህ ማን ነበር የሚሠራለት?

ሳይመን ግሬይ የሚባል ሰው ነበር። ሳይመን ግሬይ ባሪያ ነው። የብራውን ንብረት እንኳ አይደለም፤ ከሌላ የናቼዝ ሰው በኪራይ የተወሰደ ነው። መጀመሪያ ግንድ የሚያወርዱትን ሰዎች ይመራ ነበር፣ በ1840ዎቹ አጋማሽ የጀልባዎቹ አለቃ ሆነ። ማንበብና መጻፍ ያውቃል። ሥሩ የሚሠሩት ባሪያዎች ብቻ አልነበሩም፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ነጮችም ነበሩበት። ከፋዩ እሱ ነው። ብዙ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፣ ይዞ ይመለሳል። ለድርጅቱ ደብዳቤ ይጽፋል።

ልጄ ይህን ስታነብ ዝም አለች። ከዚያ "ታዲያ ለምን አልጠፋም?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልጆቻችሁም መጠየቃቸው አይቀርም። ሰውዬው ሚስትና ልጆች አሉት። ናቼዝ ናቸው፣ እሱ ወንዝ ላይ ነው። ኒው ኦርሊንስ ደግሞ የደቡቡ ትልቁ የባሪያ ገበያ ነው፤ ነጻ መውጫ ቦታ አይደለም። በሚሲሲፒ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ፍርድ ቤት ሊመሰክር አይችልም። አንድ ነጭ ገንዘቡን ቢቀማው አቤት የሚልበት የለም። ጌታው ሊፈታው ቢፈልግ እንኳ በቀላሉ አይሆንም፤ የግዛቱ ምክር ቤት ስም ጠቅሶ ሕግ ማውጣት ነበረበት። አንድ ሰው የሌላን ነጋዴ ሀብት በእጁ እያዘዋወረ፣ የራሱ ገላ ግን በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ዋጋ ተጽፎለት የሚኖርበት አገር ነበር።

የኪራዩን ነገር አስረዱ፤ ብዙ ልጅ አያውቀውም። በደቡብ ከተሞች ባሪያ እንደ ቤት ይከራይ ነበር። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት እስከ ገና ነው። ተከራዩ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ኪራዩ ለባለቤቱ ይገባል። ጃንዋሪ 1 ቀን ለብዙ ቤተሰብ የለቅሶ ቀን ነበር፤ ባል ወደ አንዱ፣ ሚስት ወደ ሌላው ይከራያሉና። በመሰንጠቂያዎች፣ በመርከብና በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ይህ የተለመደ ነው። "ስደተኛው በላቡ አደገ" የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ የማን ላብ እንደሆነ መዝገቡን ገልጣችሁ ጠይቁ። ብራውን ሰነፍ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ጠንካራ ሠራተኛ ነበር። ግንድ የሚያወርዱት፣ መጋዙ ጋ የሚቆሙት፣ ጀልባውን የሚመሩት ግን አብዛኞቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ የራሱ፣ አንዳንዶቹ የኪራይ።

ልጄ ሥራውን እንደገና ጻፈችው። ጠዋቱን ለብራውን፣ ከሰዓቱን ለግሬይ ሰጠችው። አስተማሪዋ አንድ ሰው ነበር ያዘዘችው፣ ሁለት ሆነባት። ማብራሪያ ጻፍንና ተቀበለችን።

አደጋውን ባጭሩ ላንሳ። ሜይ 7 ቀን 1840 አውሎ ነፋስ ናቼዝን መታት። የተመዘገበው ሟች 317 ነው፤ አብዛኛው ወንዙ ላይ ጀልባ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። የባሪያ ሟቾች በወጉ ስላልተቆጠሩ ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ ይበልጣል የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ቢጫ ወባ አለ። በ1853 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ብቻ ወደ 8,000 ሰው ገደለ። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው አዲስ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውማ። በሙቀቱ ወራት አቅም ያለው ከተማ ለቅቆ ይሸሻል፣ ወንዙ ላይ ንግድ ይቀዘቅዛል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ኒው ኦርሊንስ የምትጠጣው የዝናብ ውሃ ነበር፤ ውሃው የሚጠራቀመው በየግቢው በቆመ የሳይፕረስ በርሜል ነው። በሽታውን የምታመጣው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ነው። የትንኟ ነገር በሙከራ የተረጋገጠው ደግሞ በ1900 ነው። ጣውላ ነጋዴው የሚሸጠው ሳንቃ የትንኝ ቤት እንደሚሆን ማን ያውቃል?

የከተማዋን የዕለት ወሬ ከፈለጋችሁ የዊልያም ጆንሰንን ማስታወሻ ፈልጉ። ናቼዝ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ የነበረ ነጻ ጥቁር ሰው ነው። በልጅነቱ በ1820 በምክር ቤት ውሳኔ ነጻ ወጣ። ከ1835 እስከ 1851 ድረስ ማስታወሻ ጻፈ። የፈረስ እሽቅድድም፣ ጠብ፣ የወንዙ ከፍታ፣ ማን ለማን ስንት አበደረ፣ ሁሉም አለበት። ፀጉር ቤት የማይሰማው ነገር የለም። ግን አስተውሉ፣ እሱም ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። ልጆች "ጥሩ ሰው ነው መጥፎ?" ብለው ሊይዟችሁ ነው፤ ተዘጋጁ። በ1851 በመሬት ድንበር ጠብ ተገደለ። ያዩት ምስክሮች ጥቁሮች ነበሩ፣ ተከሳሹ ነጭ ነኝ አለ፣ ምስክርነታቸው ስላልተሰማ ተለቀቀ። ከላይ ያልኳችሁ ሕግ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

አሁን ወረቀቱን የት ታገኛላችሁ? ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ነጻ ነው፣ መመዝገብ ብቻ ነው። የ1850ን የሕዝብ ቆጠራ ክፈቱ። የእያንዳንዱ ነጻ ሰው ስም የተጻፈበት የመጀመሪያው ቆጠራ እሱ ነው። ሥራው፣ የተወለደበት አገር፣ የመሬቱ ዋጋ አለ። ናቼዝ ያለችበት ካውንቲ አዳምስ ይባላል። በናቼዝ ገጾች ላይ አየርላንድ፣ ጀርመን፣ ስኮትላንድ የሚል ታያላችሁ፤ የነጋዴውን ጎረቤቶች በአንድ ቁጭታ ታውቃላችሁ። ከዚያ የባሪያዎቹን ቆጠራ ለብቻው ክፈቱ። እዚያ ስም የለም። የባለቤቱ ስም፣ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀለም ብቻ። ወንድ፣ 32። ሴት፣ 19። ልጅ፣ 4። ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ እዩት፤ ትንሽ ልጅ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። የድሮ ጋዜጣ ደግሞ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክሮኒክሊንግ አሜሪካ ውስጥ በነጻ ይገኛል። "ጣውላ" የሚለውን ብቻ ሳይሆን "ኪራይ" እና "የጠፋ" (ያመለጠ ባሪያ ማለት ነው) የሚሉትንም በእንግሊዝኛ አስገቡ።

ናቼዝ የምትሄዱ ከሆነ ከኒው ኦርሊንስ ወደ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከአትላንታ ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። በኦገስት አትሂዱ፣ እርጥበቱ ያንቃል። የዊልያም ጆንሰን ቤት በብሔራዊ ፓርኩ ሥር ስለሆነ መግቢያ አይከፈልም፤ የሚከፈትበትን ሰዓት ግን ደውላችሁ አረጋግጡ። ፎርክስ ኦፍ ዘ ሮድ የሚባለውን የባሪያ ገበያ ቦታም አትለፉት። መሬት ላይ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ የእግር ብረት አለ፤ ሕንጻ ስለሌለው ብዙ ሰው በመኪና ያልፈዋል። ትልልቆቹን ቤቶች የምትጎበኙ ከሆነ አስጎብኚውን "ጣውላውን ማን ሰነጠቀው? ማን አመጣው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ አንዱ ቤት ውስጥ ስንጠይቅ ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ካለች በኋላ የማታውቀውን ለማወቅ ስማችንን ጻፈች። ሌላኛው ቤት ደግሞ ወደ መጋረጃዎቹ አሳለፉን።

የሳይመን ግሬይ ስም ከድርጅቱ ወረቀት ላይ የሚጠፋው በ1863 ነው። በዚያ ዓመት በሙቀቱ ወራት ወንዙ ዳር ያለችው የቪክስበርግ ከተማ በሰሜኑ ጦር እጅ ወደቀች፣ ጦሩ ናቼዝንም ያዘ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከእርሻ ለቅቀው ወደ ከተማዋ ጎረፉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ለመፈለግ ሁለት ቦታ ሞክሩ። አንዱ የ1870 ቆጠራ ነው፤ ጥቁሮች በሙሉ በስማቸው የተጻፉበት የመጀመሪያው እሱ ነው። ሌላው ነጻ ለወጡት ሰዎች የተከፈተው የፍሪድመንስ ባንክ መዝገብ ነው። ናቼዝ ቅርንጫፍ ነበረው። ደብተር ሲከፍቱ የእናት፣ የአባት፣ የወንድምና የእህት ስም፣ የድሮ ጌታ ስም ሳይቀር ይጠየቁ ነበር። ስትፈልጉ አንድ ነገር አትርሱ፤ ጸሐፊዎቹ የሰሙትን ነው የጻፉት፣ ግሬይ በእንግሊዝኛ በ"ኤ"ም (Gray) በ"ኢ"ም (Grey) ይጻፋል። ሁለቱንም አስገቡ። እኔና ልጄ ቅዳሜ ማታ ማታ አሁንም እየገለጥን ነው።